በሦስት ነፍስ የተያዘ ጎጆ

«ቤት ለእምቦሳ!» ይላል የአገራችን ሰው ወደ ሰው ቤት ሲገባ። ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልስለታል። ይህን የቆየ ምርቃት ልብ ብሎ ላዳመጠው፣ ስለ ግድግዳው ጥንካሬም ሆነ ስለ ጣራው ውበት አንዳች ቃል የለበትም። ቤት የሚመረቀው በውስጡ በሚያድር ነፍስ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ በዚሁ ሰላምታ የአንድ ሩቅ አገር ጎጆ በር ላይ አብረን እንድንቆም እጋብዝሃለሁ። ጎጆው የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ከዶርቸስተር ከተማ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሃየር ቦክሃምፕተን በተባለች ትንሽ መንደር፣ ጫካና ጠፍ መሬት በሚገናኙበት ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው የእህል አገዳ ነው። ደራሲውና ገጣሚው ቶማስ ሃርዲ በጁን 2 ቀን 1840 የተወለደው እዚህ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሞቶ ተወልዷል ተብሎ ወደ ጎን ተደርጎ የነበረውን ያንን ሕፃን፣ አዋላጇ ነፍስ እንዳለው አይታ ያተረፈችው በዚሁ ጣራ ሥር ነበር።

እኔ ቤቱን በእግሬ ረግጬው አላውቅም። መጀመሪያ የተዋወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ የልቦለድ ትምህርት በምንማርበት አንድ የተጎሳቆለ መጽሐፍ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። «የሣር ቤት!» ብዬ በመገረም ጮህኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንግሊዝ በአእምሮዬ ውስጥ የድንጋይ ግንብና የጡብ ሕንፃ አገር ነበረች። የታላቁ ደራሲ ቤት የአያቴን ቤት ይመስላል ብዬ እንዴት ልጠብቅ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያ ጎጆ የተጻፈውን ሁሉ ባገኘሁ ቁጥር አነብባለሁ። ለምን እንደሆነ በመጨረሻ እነግርሃለሁ።

ቤቱ የተሠራው በ1800 ገደማ ነው። የሠራው የደራሲው ቅድመ አያት ጆን ሃርዲ ሲሆን፣ ያሠራውም አዲስ ላገባው ልጁ ነው። በእኛ ቋንቋ «ጎጆ ወጣ» የሚባለው ቃል በቃል የተፈጸመበት ቤት ነው ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ዙሪያው ሁሉ ሰው የማይኖርበት ጠፍ ነበር። ሃርዲ በአፍላ ወጣትነቱ በጻፈው፣ ከሚታወቁት ግጥሞቹ ሁሉ ቀዳሚ በሆነው «ዶሚሲሊየም» ውስጥ አያቱ ስለዚያ ዱር ዘመን የነገረችውን ያስታውሳል። አንድ ገጣሚ አፉን የፈታው ስለ ቤቱ በመናገር፣ ያውም በአያቱ አንደበት መሆኑ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግድግዳው የተሠራበትን ጭቃ በዚያ አገር «ኮብ» ይሉታል። አሠራሩ ከእኛ ጋር ዘመድ ነው፤ መንታ ግን አይደለም። እኛ ቋሚ እንተክላለን፣ በማገር እናያይዛለን፣ ከዚያም በጭድ የቦካ ጭቃ እንመርጋለን። ቤቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ጭቃው ልብስ ነው። በኮብ ቤት ግን ግድግዳው ውስጥ እንጨት የለም። ሸክሙን ሁሉ የሚችለው ራሱ አፈሩ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ይወፍራል፤ ብዙውን ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አፈርና ጭድ በውኃ ተለውሶ በእግር ይረገጣል። ከዚያ በመንሽ እየተነሣ ከዝቅተኛ የድንጋይ ወይም የጡብ መሠረት ላይ ይደረደራል። አንዱ ድርብርብ ወደ ግማሽ ሜትር ከፍታ ሲደርስ ሥራው ይቆማል፤ እስኪጠነክር ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው የሚጨመረው። የተንዠረገገው ጎን በስለት ይላጋል፤ ማዕዘኖቹም ሾጠጥ ከማለት ይልቅ ክብ ክብ ይላሉ። ችኮላ የማያውቅ ሥራ ነው፤ የሚቸኩል ሰው የሠራው ኮብ በራሱ ክብደት ይንዳል።

ሃርዲ ራሱ በሕይወቱ ማምሻ፣ በ1927፣ ጥንታዊ የገጠር ቤቶች ከመፍረስ እንዲድኑ ለተጀመረ ዘመቻ ባበረከተው አጭር ጽሑፍ ይህን አሠራር ገልጾታል። ኖራማ ድንጋይ፣ ሸክላ አፈርና ጭድ እንደ ሊጥ እንዴት እንደሚለወስ፣ አንዳንዴም ሴቶች ለእርገጣው ይጠሩ እንደነበር፣ ይህም ጥበብ እስራኤላውያን በግብፅ ከነበሩበት ዘመንና ከዚያም በፊት ጀምሮ የኖረ መሆኑን ይናገራል። ኦሪት ዘፀአትን በቃሉ ለሚያውቅ ሰው፣ ፈርዖን የከለከለው ጭድ በዶርሴት መንደር ሲቦካ ማየት ያስደንቃል።

የኮብ ቤት የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው ይላሉ የዚያ አገር ሰዎች፤ ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ። ጫማው የድንጋይ መሠረቱ ነው፤ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ይከለክላል። ባርኔጣው ክዳኑ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን ይመልሳል። በሁለቱ መካከል ያለው አፈር በኖራ ተቀብቶ እንዲተነፍስ ከተተወ ለዘመናት ይቆማል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎች «እናጠንክረው» ብለው የኮብ ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰኑ። ሲሚንቶው እርጥበቱን ወደ ውስጥ አፍኖ ያስቀረው ጀመር፤ ከሁለት መቶ ክረምት የተረፈ ግድግዳም ውስጥ ውስጡን ወደ ጭቃነቱ ተመለሰ። ሊያጠነክር የመጣው ሲሚንቶ ገዳዩ ሆነ።

አሁን ወደ ባርኔጣው እንውጣ። የጣራው ተዳፋት እጅግ የቆመ ነው፤ ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል። የክዳኑ ውፍረት ከ30 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በዚያ የእንግሊዝ ክፍል የሚመረጠው ተበጥሮ የተስተካከለ የስንዴ አገዳ ነው፤ በሌላው አካባቢ ሸምበቆ ይጠቀማሉ። ዝናብ ሲመታው ጠብታዋን አንዱ አገዳ ለቀጣዩ እያቀበለ ወደ ታች ያወርዳታል፤ ውኃው ከላይኛው ገጽ ብዙም ሳይዘልቅ ከጠርዙ ይንጠባጠባል። ከግድግዳው ርቆ የሚወጣውም የጣራው ጠርዝ ነጠብጣቡ አፈሩን እንዳይነካው ነው። የፎቁ መስኮቶች ከክዳኑ ሥር ስለሚወጡ፣ አገዳው በየመስኮቱ አናት ላይ እንደ ቅንድብ ከፍ ብሎ ይታጠፋል። ሃርዲ በ1872 ባሳተመው «አንደር ዘ ግሪንውድ ትሪ» (በለምለሙ ዛፍ ሥር) ልቦለድ ውስጥ የጫኚው የደዊ ቤት ሆኖ የቀረበው ይኸው ረጅምና ዝቅ ያለ ቤት ነው።

ክዳን ግን እንደ ድንጋይ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። የጣራው አናት በየ10 እና 15 ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ገጹ ደግሞ በሰው ዕድሜ ሁለት ሦስት ጊዜ። በብዙ ቦታ አሮጌው ክዳን ተነቅሎ አይጣልም፤ አዲሱ ከላዩ ይደረብበታል። ስለዚህ በዴቨን አውራጃ በአንዳንድ ቤቶች ከሥር ያለው ንብርብር ከመካከለኛው ዘመን የቀረ፣ ጥላሸት የጠጣ ሆኖ ይገኛል። የዚያ ዘመን ቤት ጢስ ማውጫ አልነበረውም፤ እሳቱ በመሐል ወለል ላይ ይነድ ነበር፤ ጢሱም እንደ አያቴ ቤት በሣሩ ውስጥ እያዘገመ ይወጣ ነበር። አምስት መቶ ዓመት የሆነው አገዳ በየትውልዱ አዲስ ነጠላ እየደረበ ኖሯል ማለት ነው። ቤቱን ጥንታዊ ያደረገው ደጋግሞ መታደሱ ነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። ወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። የጣራው አግዳሚ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ይላል። ትልቅ ምድጃ አለ። ፎቁ ላይ መተላለፊያ ኮሪደር የለም፤ ከአንዱ መኝታ ክፍል ወደ ሌላው የሚታለፈው በራሱ በክፍሉ ውስጥ ነው። የደራሲው አያት በዚህ ብቸኛ ቤት ውስጥ የኮንትሮባንድ ብራንዲ ይደብቅ ነበር፤ በጨለማው ቁም ሣጥን አንዳንዴ እስከ 80 ትንንሽ በርሜል ይከማች እንደነበር የልጅ ልጁ መዝግቦታል። ያው አያት እሑድ እሑድ በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን የመሰንቆ ዘመድ የሆነውን የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወት ነበር! ሰው እንዲህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን አንዲት ትንሽ መስኮት ናት። የሃርዲ አባት ግንበኛና የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ነበር። በምድር ቤት ያለችው ጠባብ ክፍል ቢሮው ነበረች። በክፍሏ ውስጥ የብረት ዘንግ ያላት መስኮት አለች። ሠራተኞች ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከደጅ ቆመው በዚያች መስኮት በኩል ነበር። እኔም እንጀራዬ ከመስኮት ኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ወዲህ ተቀምጬ ለሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ከበላዬ ባለው ፎቅ ግን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሚጽፍ ልጅ የለም። እዚያ ነበረ። ሃርዲ «በለምለሙ ዛፍ ሥር»ንም ሆነ በ1874 የወጣውን «ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» (ከግርግሩ ርቆ) የጻፈው እዚሁ ቤት ነው።

በዚህ ሁለተኛው ልቦለድ ውስጥ ለባንክ ሠራተኛ የተጻፈ የሚመስል ቦታ አለ። ነጎድጓድ በሚያጓራበት ሌሊት እረኛው ጋብርኤል ኦክ ሜዳ ላይ የተከመረውን ያልተከደነ እህል አይቶ ሒሳብ ያሰላል፤ አምስት የስንዴ ክምርና ሦስት የገብስ ክምር፣ በጠቅላላው 750 ፓውንድ። ሌላው ሰው ሁሉ በሠርግ ድግስ ሰክሮ ተኝቷል። እሱ ብቻውን ክምሩ ላይ ወጥቶ በመብረቅ ብርሃን ይከድናል። ከዚያም የእህሉ ባለቤት ባትሼባ መጥታ ነዶ ታቀብለዋለች። የዚህ ክፍል ደራሲ ከራሱ አናት በላይ ያለው አገዳ ዝናብን እንዴት እንደሚመልስ እያዳመጠ ያደገ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

አሁን የርእሳችንን ትርጉም እንንገር። ጆን ሃርዲ ቤቱን ሠራ እንጂ መሬቱ የእሱ አልነበረም። መሬቱ የባለርስት ነበር። ውሉ «ላይፍሆልድ» ይባላል፤ በነፍስ የሚያዝ ይዞታ ማለት ነው። ገበሬው ወይም ባለእጁ በመግቢያው የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ ቤቱን በራሱ ወጪ ይሠራል፤ ከዚያ በየዓመቱ አነስተኛ ኪራይ እየከፈለ ይኖራል። የውሉ ዘመን የሚቆጠረው ግን በዓመት አይደለም። በሰነዱ ላይ የሦስት ሰዎች ስም ይጻፋል፤ ከሦስቱ አንዱ በሕይወት እስካለ ድረስ ቤቱ የቤተሰቡ ነው። የመጨረሻው ሰው ሲሞት መሬቱም፣ ግድግዳውም፣ ክዳኑም ያለ ምንም ካሣ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች ውል ማደስ እየተዉ መጡ፤ ነፍሶቹ ሲያልቁ ጎጆዎቹ ይፈርሱ ነበር። ሃርዲ በ1883 ስለ ዶርሴት የቀን ሠራተኞች በጻፈው መጣጥፍ ይህን መፈናቀል በኀዘን መዝግቦታል።

እንግዲህ ይህን ሕግ ከጭቃውና ከአገዳው ጋር አስተያየው። በነፍስ ለተያዘ ቤት ማን ድንጋይ ያስጠርባል? ለባዕድ ርስት ማን ጡብ ይተኩሳል? ከደጁ የተቆፈረ አፈርና ከጎረቤት ማሳ የመጣ አገዳ የድኻ ዋጋ ቢሆንም፣ የውሉም ባሕርይ በዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ይህን ነገር ሃርዲ እንደ «ዘ ውድላንደርስ» (የጫካው ነዋሪዎች፣ 1887) አድርጎ የተናገረበት መጽሐፍ የለም። ልቦለዱ ሲጀምር ማርቲ ሳውዝ የምትባል ወጣት በሌሊት እሳት ዳር ተቀምጣ የክዳን ችካል ትሰነጥቃለች። ችካሉ ተጠምዝዞ እንደ ፀጉር ማስያዣ ይታጠፍና አገዳውን ጣራው ላይ ይሰፋል። ለአንድ ሺህ የሚከፈለው 18 ፔንስ ነው፤ እጆቿ ቆስለዋል። ሥራው የአባቷ ነበር፤ እሱ ግን ታሟል። የሽማግሌው የጆን ሳውዝ ሕይወት ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለችም፤ የጎረቤቱ የጃይልስ ዊንተርቦርን ቤቶች ሁሉ የተንጠለጠሉት በዚህች በአንዲት ነፍስ ላይ ነው። ውሉን ለማራዘም የሚጠየቀው ክፍያ ለስም ያህል ብቻ እንደነበር ጃይልስ ከሰነዱ ይረዳል። ግን ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ሳይከፈል ቆይቶ፣ ሽማግሌው ቀድሞ ሞተ። ቤቱ ሄደ፤ ፈረሰም። ከቤቱም ጋር የሚያፈቅራት ልጅ ራቀችበት። በ1891 በወጣው «ቴስ» ውስጥም አባትየው ሲሞት የሦስቱ ነፍሶች የመጨረሻው እሱ ስለነበር፣ ባልቴቲቱና ልጆቿ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ይሰደዳሉ። የቴስም ውድቀት የሚጠናቀቀው ከዚያ መንገድ ወዲህ ነው።

ሃርዲ ራሱ ጎጆውን ትቶ የጡብ ሰው ሆነ። በ1856 ዶርቸስተር ውስጥ የአርክቴክት ሙያ ሊማር ገባ። በ1863 ለንደን ሳለ የብሪታንያ አርክቴክቶች ተቋም ስለ ባለቀለም ጡብ በጻፈው ድርሰት ሸለመው። በ1885 የገባበትን «ማክስ ጌት» የተባለ የጡብ ቤት ንድፉን ያወጣው እሱ፣ የገነቡትም አባቱና ወንድሙ ናቸው። አባቱ በ1892፣ እናቱ በ1904 ሞቱ፤ እኅትና ወንድሞቹም በኋላ ያንን ጎጆ ለቅቀው ወጡ። እሱ ግን በግጥሙ ወደዚያ ወለል፣ ወደዚያ በር፣ እናቱ ወደ ተቀመጠችበት እሳት ደጋግሞ ተመልሷል። በጃንዋሪ 1928 ሲሞት አመዱ በዌስትሚንስተር አቢ ከገጣሚዎች ጋር ተቀበረ፤ ልቡ ግን ለብቻው ወጥቶ ከጎጆው ብዙም በማይርቀው በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አረፈ።

አሁን ቃሌን ልፈጽም። አያቴ ያረፈችው የባንክ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቤቷ ሸዋ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነበር። እኔ እስከ ሰባት ዓመቴ ያደግሁት እዚያ ነው። ክረምት ሲሆን በሣሩ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅ የለውም፤ ቆርቆሮ ሥር የተኛ ሰው ይህን አያውቀውም። በሁለተኛው ዓመት አጎቴ ስልክ ደወለ። «አንተ ልጅ፣ የእማማ ቤት ክዳኑ ሳስቷል። ክረምት ሳይገባ እናስከድነው፤ ከዳኙንም አነጋግሬዋለሁ» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ከወር ደመወዜ ሲሶ አይሞላም። «እሺ አጎቴ፣ በሚቀጥለው ወር» አልኩት። በሚቀጥለው ወር ሌላ ነገር መጣ። «ለመስከረም ይሁን» አልኩ። አጎቴም ሁለተኛ አልደወለም።

በሦስተኛው ዓመት ስሄድ ጣራው በአንድ ጎኑ ገብቷል። ውኃው በዚያ ገብቶ ምርጊቱን አውርዶታል፤ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። ጎረቤት «እንጨቱን ለማገዶ ብንወስደው ምን ትላለህ?» ብሎ በአክብሮት ጠየቀኝ። ምን እላለሁ? አያቴ በሩ ላይ ቆማ የተነሣችው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ቀረኝ። ሙሉ ቀን የሰውን ዕዳ ቀን ቆጥሬ የማሳስብ፣ አንድ ቀን ላለፈበት ቅጣት የማሰላ ሰው፣ የራሴን ዕዳ ቀን አሳለፍኩ። ስለ ጃይልስ ዊንተርቦርን ቤቶች ባነበብኩ ቁጥር ገጹን ቶሎ የምገልጠው ለዚህ ነው።

የሃየር ቦክሃምፕተኑ ጎጆ ግን ቆሟል። በ1948 ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ተረከበው። ዛሬ የሦስት ሰዎች ነፍስ አይጠብቀውም፤ ዕዳው ግን አልተሰረዘም። ጭቃውም አገዳውም የአያቴን ቤት ከሠራው ጭቃና ሣር ምንም አይበልጥም። የሚበልጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክዳኑ በሳሳ ጊዜ ሁሉ «እሺ» ብሎ በዚያው ዓመት የወጣበት ሰው አላጣም። እነሆ፣ ያ ፎቶግራፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የጻፍኳትን ግጥም ላጋራህና ልሰናበት።

ቤት ማለት ዕዳ ነው፥ በክረምት የሚከፈል፣
አያት ጀምራው ሄዳ፥ ከልጅ ልጅ ሚካፈል።
እኔ ቀን ስቆጥር፥ ነገ ስል ነገ ስል፣
ቤቷ ጭቃ ሆና፥ ቀረችኝ በምስል።
ሣሩማ ይበቅላል፥ ዛሬም በዚያው ሜዳ፣
ከፋይ ነው የጠፋ፥ ለጎጆዋ ዕዳ።